ለብቻ መጫወት፦ የአንድ የተናቀ ልማድ አጭር ታሪክ

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ኮሮና ካምፓስ አዘግቶ ወደየቤታችን ሲበትነን፣ የዶርም ልጆች ተሰባስበን ማይንክራፍት የምንጫወትበት ሰርቨር ከፈትን። ሰባት ነበርን። የአንዱ ጓደኛችን እህት አሜሪካ ስላለች ኪራዩን በካርዷ ትከፍላለች፣ እኛ ደግሞ ለእሱ በብር እናዋጣለን። ማታ ማታ ኔትወርኩ ሲሻለው እየገባን አንዱ ግንብ ይሠራል፣ አንዱ ማዕድን ይቆፍራል፣ አንዱ የሌላውን በግ ይሰርቃል። ደስ ይል ነበር፤ አልዋሽም።

እኔ ደብረ ብርሃን የነበረውን የአያቴን ቤት መሥራት ጀመርኩ። የጭቃ ቤት ነው፤ አያቴ ካረፈች በኋላ ተሽጧል። የጓዳው ግድግዳ ወደ ውጭ ያዘመመ ስለነበር በባህር ዛፍ ባላ ተደግፎ ነው የኖረው። ማይንክራፍት ውስጥ ደግሞ ሁሉም ነገር አራት ማዕዘን ብሎክ ስለሆነ የዘመመ ግድግዳ መሥራት እንዲህ ቀላል አይደለም። ሁለት ማታ ፈጀብኝ። በሦስተኛው ማታ ስገባ ግድግዳው ቀጥ ብሏል፤ ባላውም የለም። ቻቱ ላይ አንድ መልእክት ተቀምጧል፦ «ወንድሜ ጠሞብህ ነበር፣ አቀናሁልህ።»

አመሰገንኩት። ሌላ ምን ይባላል? ልጁ የረዳኝ መስሎት ነው። ግን ያን ማታ ከሰርቨሩ ወጥቼ ሌላ ዓለም ከፈትኩ፤ እኔ ብቻ የምገባበት። ልጆቹ ሲያውቁ «ምነው ተጣላኸን?» አሉኝ። አልተጣላኋቸውም። ግን ለምን እንደወጣሁ ማስረዳትም አልቻልኩም።

ያቃተኝ አንዱ በቋንቋው ምክንያት ይመስለኛል። እስኪ «ጨዋታ» የሚለውን ቃል አስቡት። ልጅ ኳስ ሲያንከባልል ጨዋታ ነው። እንግዳ ቤት መጥቶ ዝም ሲል ደግሞ «ተጫወት እንጂ» እንለዋለን፤ ኳስ አምጥተንለት ሳይሆን አውራ ማለታችን ነው። ጨዋታ አዋቂ ማለትም ወሬው የሚጣፍጥ ሰው ነው። በአማርኛ ጨዋታ ሌላ ሰው ይፈልጋል። «ብቻዬን እየተጫወትኩ ነው» ማለት «ብቻዬን እያወራሁ ነው» ከማለት ብዙም አይርቅም። በዚያ ላይ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው።

የሶፍትዌር ሰው ነኝና አንድ ነገር ሲያስቸግረኝ ሎጉን ወደ ኋላ እያነበብኩ «ከየት ጀመረ?» ማለት ልማዴ ነው። የግንባታ ጌሞችን ታሪክ እንደዚያ ሳነበው ያልጠበቅኩት ነገር አገኘሁ። ለብቻ መጫወት ሰው ያጣ ሰው ማረፊያ አልነበረም። የዘውጉ መነሻ ነበር። ልብ በሉ፣ የራሴን ታሪክ በእኛ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ፤ የጌሞቹን ዓመታት ግን በፈረንጆቹ።

የአሸዋው ሳጥን

እነዚህን ጌሞች «ሳንድቦክስ» የምንላቸው ሕፃናት ከሚጫወቱበት የአሸዋ ሳጥን ወስደን ነው። ሕጉ ጥቂት ነው፣ አሸዋው ብዙ ነው፣ የምትሠራውን የምትወስነው አንተ ነህ። ስለዚህ ከሕፃናቱ እንጀምር።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ሚልድረድ ፓርተን የተባለች ተመራማሪ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት የሚሆናቸው ሕፃናት ሲጫወቱ እየተመለከተች ትመዘግብ ነበር። ያየችውን በስድስት ከፈለችው፦ ምንም ሳያደርግ የሚቆም፣ ብቻውን የሚጫወት፣ የሌሎችን ጨዋታ ቆሞ የሚያይ፣ ከሌላ ልጅ ጎን ለጎን ሆኖ የየራሱን የሚሠራ፣ ተቀላቅሎ ግን የጋራ ዓላማ ሳይኖረው የሚጫወት፣ በመጨረሻም ተባብሮ የሚጫወት። ከፍ ያሉት ልጆች ወደ መተባበሩ ሲያደሉ አየች። ጥናቱ በ1932 ታተመ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ዝርዝሩን እንደ መሰላል አነበበው፦ ታች ብቸኛው ልጅ፣ ላይ ተባባሪው ልጅ።

መሰላሉ ግን በኋላ ጥያቄ ተነሣበት። በ1970ዎቹ የመጡ ተመራማሪዎች ብቻቸውን የሚጫወቱትን ልጆች ጠጋ ብለው ሲያዩ፣ ብዙዎቹ ያኮረፉ ወይም የተገፉ አልነበሩም። ሥራ ላይ ነበሩ። የሆነ ነገር እየገነቡ፣ እየገጣጠሙ፣ እየሞከሩ። ይሄን ለማወቅ ሚኒሶታ መሄድም አያስፈልግም። እቃቃ የቡድን ጨዋታ ነው፤ አንዷ እናት ትሆናለች፣ አንዱ አባት፣ አንዷ ጎረቤት። የሽቦ መኪና የሚሠራው ልጅ ግን ጥግ ይዞ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጎን አውጥቶ ብቻውን ነው የሚሠራው። ሲጨርስ እየነዳ ወደ ሰፈር ይወጣል።

እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪምና የሥነ ልቦና ሊቅ ዶናልድ ዊኒኮት ደግሞ በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ ለብቻ መሆን መቻል ራሱ ችሎታ ነው አለ። ችሎታው የሚገኘው ደግሞ በሚገርም መንገድ ነው፤ ሕፃኑ ለብቻ መሆንን የሚማረው እናቱ እዚያው እያለች ነው። እሷ በራሷ ሐሳብ፣ እሱ በራሱ ጨዋታ። ማንም ማንንም አይጠራም። ይህችን ሐሳብ ያዙልኝ፤ ኮድ ውስጥ መልሰን እናገኛታለን።

ቦምብ መጣል የሰለቸው ሰው

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዊል ራይት የሚባል ወጣት «ሬይድ ኦን በንግሊንግ ቤይ» የሚባል ጌም ይሠራ ነበር፤ በ1984 ወጣ። ተጫዋቹ በሄሊኮፕተር እየበረረ ደሴቶች ላይ ያሉ ፋብሪካዎችን በቦምብ ይደበድባል። ራይት ደሴቶቹን ለመሥራት ለራሱ አንዲት መሣሪያ ጽፎ ነበር፦ መንገድ የምትዘረጋ፣ ሕንፃ የምታስቀምጥ። ታዲያ ጌሙ ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ገባው። ደሴቶቹን ከማፈራረስ ይልቅ መሥራቱ ነው ደስ የሚለው።

መሣሪያዋን ይዞ ቀጠለ። ስለ ከተማ ዕቅድ ማንበብ ጀመረ፤ በተለይ የጄይ ፎረስተር ከተማን እንደ ሲስተም የሚያይ ሥራ በጣም ሳበው። የወጣው ነገር ሲምሲቲ ነበር። አሳታሚዎች ግን ግራ ገባቸው። ማሸነፍ የለ፣ መሸነፍ የለ፣ ተቃዋሚ የለ፤ ይሄ ምኑ ጌም ነው? ራይትም ራሱ ከጌም ይልቅ መጫወቻ ነው ይል ነበር። በመጨረሻ ከጄፍ ብራውን ጋር በ1987 ማክሲስን መሠረቱ፤ ሲምሲቲ በ1989 ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ።

እዚህ ጋ አንድ አፍታ ቆም እንበል። የግንባታ ጌም አባት የምንለው ሥራ የተወለደው አንድ ሰው ከውጊያው ወጥቶ፣ ለሌላ ዓላማ በሠራት መሣሪያ ብቻውን ሲጫወት ነው። መልቲፕሌየር በዚያ ዘመን አልታወቀም ነበር እንዳትሉ። ሮይ ትሩብሾና ሪቻርድ ባርትል በእንግሊዙ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገባበትን «መድ» የሚባል በጽሑፍ ብቻ የተሠራ ዓለም የጀመሩት በ1978 ነው። ሁለቱ መንገዶች ከጥንት ጀምሮ ጎን ለጎን ነበሩ። አንዱ የሌላው ያልበሰለ ጥሬ አይደለም።

ሁሉም ኦንላይን ይግባ

ራይት በ2000 ዘ ሲምስን አወጣ። ቤት ትሠራለህ፣ ቤተሰብ ታስገባለህ፣ ሲበሉ ሲጣሉ ሲያፈቅሩ ታያለህ። በዘመኑ ከፒሲ ጌሞች ሁሉ ሽያጭ አንደኛ ሆነ። ኩባንያው «ሰው ብቻውን እንዲህ ከወደደው፣ አብሮ ቢሆንማ!» ማለቱ አይቀርም፤ በ2002 መጨረሻ ዘ ሲምስ ኦንላይን መጣ።

አልሆነም። በዋናው ጌም ተጫዋቹ የቤቱ ሁሉ ባለቤት ነበር፤ ኦንላይኑ ላይ ግን ከብዙ ሺህ ሰው መካከል አንድ ሰው ሆነ። የባህርይህ ክህሎት ቶሎ የሚያድገው ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ቤት ስለነበር፣ ሰዉ የራሱን ቤት ትቶ የሰው ቤት ተቀምጦ ክህሎት ሲያሳድግ ይውላል። ከጠበቁት ተጫዋች ጥቂቱ ብቻ መጣ። በ2008 ተዘጋ። ሲዘጋ የተሠሩት ቤቶችም አብረው ጠፉ፤ የ2000ውን ጌም ግን ሲዲውና የድሮ ኮምፒውተሩ ያለው ሰው ዛሬም ቤቱን ከፍቶ ማየት ይችላል።

ትምህርቱ የተወሰደ አይመስልም፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ራሱ ሲምሲቲ ላይ ተደገመ። በመጋቢት 2013 የወጣው አዲሱ ሲምሲቲ ብቻህን ብትጫወት እንኳ ሁልጊዜ ኢንተርኔት ይፈልግ ነበር። ሰርቨሮቹ በመጀመሪያው ቀን ተጨናነቁ። ገንዘቡን ከፍሎ የገዛ ሰው የገዛ ከተማው በር ላይ ወረፋ ተሰለፈ። አማዞን የዳውንሎዱን ሽያጭ ለጊዜው አቆመ፤ ኩባንያውም ለካሳ አንድ ነፃ ጌም ሰጠ። የተሰጠው ምክንያት ከፊሉ ስሌት ሰርቨሩ ላይ ነው የሚካሄደው የሚል ነበር። ብዙ ቀን ሳይቆይ አንድ ሞደር ኮዱን ነካ አድርጎ ጌሙ ያለ ኢንተርኔት መሄድ እንደሚችል አሳየ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2014 መጋቢት፣ ኩባንያው ራሱ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራበትን ምርጫ ጨመረ።

ግን ረፍዷል። በ2015 መጋቢት ኮሎሳል ኦርደር የተባለ ትንሽ የፊንላንድ ቡድን ሲቲስ ስካይላይንስን አወጣ። ለብቻ የሚጫወቱት፣ ኢንተርኔት የማይጠይቅ፣ ሰፊ መሬት ያለው። በአንድ ወር ውስጥ አንድ ሚሊዮን ኮፒ ሸጠ። ተጫዋቾቹ ሰው ጠልተው አልነበረም። የሚገነቡትን ከተማ ቁልፍ ራሳቸው መያዝ ነው የፈለጉት።

ከውስጥ የሚከፈት በር

አሁን ወደ ማይንክራፍት። ብዙ ሰው የማያውቀው አያቱን ነው፤ «ኢንፊኒማይነር» ይባላል። ዛካሪ ባርት በ2009 የሠራው ሲሆን ዓለሙ በብሎክ የተሠራ ነው። በሐሳቡ የቡድን ውድድር ነበር፦ ሁለት ቡድን፣ ማዕድን ቆፍሮ ብዙ ያስገባ ያሸንፋል። ተጫዋቾቹ ግን ውድድሩን ተዉትና ቤት መሥራት ጀመሩ! የራይት ደሴት እንደገና።

ከዚያ የፕሮግራመር ቅዠት መጣ። ባርት ኮዱን እንዳይነበብ ሳይሸፍነው ነበር የለቀቀው። ሰዎች ፈትተው አነበቡት፤ በየራሳቸው ቀየሩት፤ አንዱ ሰው ያሻሻለው ከሌላው ጋር የማይገጥም ሆነ፤ ማጭበርበሪያውም በዛ። የጌሙ ሕይወት ሰርቨር ላይ ብቻ ስለነበር ሰርቨሩ ሲታመስ ሁሉም ታመሰ። ባርት ሥራውን አቁሞ ኮዱን በይፋ ለሁሉም ለቀቀው።

ስዊድናዊው ማርከስ ፐርሰን ኢንፊኒማይነርን አይቶ ነበር። ግንቦት 17 ቀን 2009 የጌሙን የመጀመሪያ ቅጂ ለሰው አሳየ። ያ ቅጂ ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ መልቲፕሌየሩ ከሳምንታት በኋላ ተጨመረ። በ2010 ወሰን የለሽ የሚመስል ዓለም መጣ፣ በኅዳር 2011 ሙሉው ጌም በይፋ ወጣ። እስከ 2023 ከ300 ሚሊዮን ኮፒ በላይ ተሽጧል።

እኔን ግን ከቁጥሩ በላይ የሚገርመኝ በነሐሴ 2012 የወጣው 1.3 የሚባለው ቅጂ ነው። ከዚያ በፊት ሲንግል ፕሌየሩና መልቲፕሌየሩ ለየብቻ የተጻፉ ሁለት ኮዶች ነበሩ። ኮድ የሚጽፍ ሰው ጣጣውን ያውቀዋል፤ አንዱን ስህተት ሁለት ቦታ ታርማለህ። ስለዚህ አንድ አደረጓቸው። እንዴት? ሲንግል ፕሌየሩን ወደ ሰርቨር ቀየሩት። ዛሬ ማይንክራፍትን ለብቻችሁ ስትከፍቱ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ትንሽ ሰርቨር ይነሣል፤ እናንተም ብቸኛ ደንበኛ ሆናችሁ ትገናኙታላችሁ። ሌላ ሰው እንዲገባ የሚያደርግ ነገር ሁሉ እዚያው አለ። ማንም ያልገባው ስላልጠራችሁት ነው። በዚያው ቅጂ ዓለማችሁን በአንድ ኔትወርክ ላሉ ጓደኞች የምትከፍቱባት አንዲት ቁልፍም ተጨመረች።

የዊኒኮትን ሕፃን አስታወሳችሁ? ሰው እዚያው ቅርብ ነው፣ ግን ማንም አልጠራህም። ብቸኝነት በሩ ከውጭ ሲቆለፍብህ ነው። ለብቻ መጫወት መዝጊያውን ከውስጥ መለስ ማድረግ ነው። ለልጆቹ ማስረዳት ያቃተኝ ይህ ነበር።

ብቻውን የሄደ፣ ብዙ ሰው ያየው

ለዚህ ከርት ጄ. ማክ የተባለ አሜሪካዊ ጥሩ ምሳሌ ነው። በድሮው ማይንክራፍት ዓለሙ ከመነሻው ወደ 12.5 ሚሊዮን ብሎክ ያህል ሲርቅ ይበላሻል። መልክዓ ምድሩን የሚፈጥረው ስሌት 32 ቢት ኢንቲጀር ከሚችለው በላይ ይሆንና መሬቱ እንደተበሳሳ ግዙፍ ግድግዳ ይቆማል። ቦታው ፋር ላንድስ ይባላል። ማክ በመጋቢት 2011 ወደዚያ በእግሩ መጓዝ ጀመረ፤ ብቻውን፣ ወደ ምዕራብ፣ አንድ ውሻ አስከትሎ። በዚያው ዓመት መስከረም የወጣው አዲስ ቅጂ ስህተቱን አረመና ፋር ላንድስ ከጌሙ ጠፋ። እሱ ግን አሮጌውን ቅጂ ይዞ፣ ሳያድስ መንገዱን ቀጠለ።

ይሄን በማንም ሰርቨር ላይ ማድረግ አይቻልም። ሰርቨሩ ይታደሳል፣ ይዘጋል፣ ወይም አስተዳዳሪው «አንተ ሰውዬ የት ነው የምትሄደው?» ይላል። ማክ ጉዞውን እየቀዳ ለዓለም ያሳይ ነበር፤ በመንገዱም ሆስፒታል ለተኙ ሕፃናት ጌም ለሚያቀርበው ቻይልድስ ፕሌይ ለተባለው በጎ አድራጎት ገንዘብ ሰበሰበ። የተጫወተው ብቻውን ነው፣ ያየው ግን ብዙ ሰው ነው። የሽቦ መኪናዋ ሰፈር ወጣች ማለት ነው።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ሌላውንም ልናገር። ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች የተባለው ድርጅት በመጋቢት 2020 ማይንክራፍት ውስጥ ግዙፍ ቤተ መጻሕፍት ከፍቶ፣ በየአገሩ የታገዱ ጽሑፎችን እዚያ አስቀመጠ። ያን ሕንፃ ብዙ ገንቢዎች ተባብረው ነው ያቆሙት። ብቻውን የሚገነባ ሰው እንዲያ ያለ ነገር ይሠራል ብዬ አልከራከርም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እውነት ነው። ክርክሬ ሁሉም ድር አንበሳ ለማሰር አይፈተልም የሚል ብቻ ነው።

ሰርቨሩ ሲጠፋ

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለምን እንደሆነ፣ በዚያ ሰሞን ስንት ሕይወት እንደጠፋ ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚያ ጊዜ ስለ ጌም ማውራት ራሱ ያሳፍር ነበር። ለሦስት ሳምንት ያህል ቤት ተቀምጠን ዜና ከቴሌቪዥን እንጠብቃለን፣ ዘመድ በስልክ እናፈላልጋለን። ሰርቨራችን የማይደረስበት ሆነ። እህቲቱም መገናኘት ስላልቻልን ኪራዩን ሳትከፍል ቀረች። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ዓለማችን ተሰርዞ ጠበቀን። ቅጂ የያዘ አልነበረም፤ ሰባታችንም ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነን፣ አንዳችንም ባክአፕ አላደረግንም። የልጆቹ ግንብ፣ ማዕድኑ፣ የተሰረቁት በጎች፣ የተቃናው ግድግዳ ሁሉ የለም።

የእኔ ዓለም ግን ላፕቶፔ ላይ አንድ ፎልደር ነበር። ራውተሩ ላይ ቀይ መብራት እየበራ በነበረባቸው በእነዚያ ማታዎች የአያቴን ቤት እንደገና ሠራሁ። ማንም አልቸኮለብኝም። አንድ ማታ ሙሉ የደጁን ድንጋይ ደረጃ ሳፈርስና ስደረድር አደርኩ። ለምን እንደዚያ እንደማደርግ የሚጠይቀኝ ስላልነበረ ለራሴም መልስ ማዘጋጀት አላስፈለገኝም። ግድግዳውን ወደ ውጭ አዘመምኩት። ባላውን አቆምኩ። ፎልደሩን ፍላሽ ላይ ገልብጬ ኪሴ ከተትኩት። ስንት ሜጋባይት እንደነበር ረስቻለሁ፤ ትንሽ ነበር።

ባላው

ባለፈው ዓመት እሁድ ከሰዓት ፍላሹን ሳገኘው ከፈትኩት። እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። ጌም ስከፍት አይታ አንድም ቀን ደስ ብሏት አያውቅም፤ ያን ቀን ግን መነጽሯን አድርጋ ጠጋ አለች።

«ይሄ የእማማ ቤት አይደል እንዴ?»

«ነው እማዬ።»

ዝም ብላ አየችው። በሩን አሳየኋት፣ ጓዳውን አሳየኋት፣ ከኋላ ዞርን።

«ባላው በዚህ በኩል አልነበረም» አለች። «በዚያኛው ነው። እዚህማ የእንሥራ መደቡ ነበር።»

ከዚያ ጀመረችልኝ። ልጅ ሆና አንድ ክረምት ዝናቡ በርትቶ ግድግዳው ማታ ሲንቋቋ ሁሉም ደንግጠው ውጭ እንደወጡ፤ አያቴ ባሏን ቀስቅሳ ባላ እንዳስቆረጠችው፤ እሱም «እስከ በጋ ያቆየዋል» ብሎ እንዳቆመው። በጋው መጣ፣ ሄደ፣ እንደገና መጣ። ለበጋ የተባለው ባላ ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ ቆመ። ይህን ታሪክ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ባላውን ነቅዬ በዚያኛው በኩል ተከልኩት። «አዎ፣ እንደሱ» አለች። ላፕቶፑን ሳልዘጋው አስቀመጥኩት፣ ቡናው እስኪፈላ ተጫወትን።